ብላይቲ፦ ከሩቅ ብቻ የሚጠራ አገር

እንግሊዞች አገራቸውን በፍቅርና በፌዝ መካከል ቆመው ሲጠሩ «ብላይቲ» ይላሉ። ከባዕድ አገር የሚመለስ ሰው «ወደ ብላይቲ ልገባ ነው» ሲል ዝናቡን፣ ሻዩን፣ ሰልፉንና ለብ ያለውን ቢራ አንድ ላይ ቋጥሮ መጥራቱ ነው። ቃሉ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ቃል ስለ ነበር ለረጅም ጊዜ የአያቶች ንግግር ሆኖ ኖረ፤ ወጣቱ ቢጠቀምበት እንኳ አያቱን ለመቅዳት ነበር። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ግን እንደገና ነፍስ ዘርቷል። የቴሌቪዥን ጣቢያ ተሰየመበት፤ የጋዜጣ ርዕስ ማድመቂያ ሆነ፤ በሻይ ኩባያና በወጥ ቤት ፎጣ ላይ ታተመ።

እኔ ይህን ትንሣኤ በጥርጣሬ ከሚያዩት ወገን ነኝ። ቅሬታዬ ቃሉ ስላረጀ አይደለም፤ ያረጀ ቃል ከተኛበት ሲነሣ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ነገር ግን የተነሣው ግማሹ ብቻ ነው። ብላይቲ ሲወለድ ሁለት ወላጆች ነበሩት፦ ስሙን ያወጣለት ባዕድ፣ በናፍቆት የጠራውም ቁስለኛ። ዛሬ በኩባያ ላይ የምናነበው ብላይቲ ባዕዱንም ቁስለኛውንም አሰናብቶ ብቻውን የቀረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቃሉ ሥር ዐረብኛ ነው። «ዊላያ» ማለት በአንድ «ዋሊ»፣ ማለትም በአንድ ገዥ፣ ሥር የሚተዳደር ግዛት ነው። በዑማን የሚኖሩ ወገኖቻችን ቃሉን በየዕለቱ ያገኙታል፤ የአገሪቱ ወረዳዎች እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራሉና። በቱርኮች ዘመነ መንግሥትም «ቪላዬት» ጠቅላይ ግዛት ነበር። ይኸው ቃል በፋርስኛ በኩል ወደ ሕንድ ሲዘልቅ ፍቺው ቀስ በቀስ ዞረ። «ግዛት» የነበረው «አገር» ሆነ፤ ከዚያም «ያ ሩቅ አገር»፤ በመጨረሻም «ፈረንጅ አገር»፣ በተለይም እንግሊዝ ሆኖ ዐረፈ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የወረደው ወንድሙ ደግሞ በስዋሂሊ «ኡላያ» ተብሎ አውሮፓን ያመለክታል፤ ናይሮቢ ላይ በስደት የቆየ ኢትዮጵያዊ ጆሮውን ከሰጠ ሳይሰማው አልቀረም። አንድ ደረቅ የአስተዳደር ቃል እንዲህ በሕንድ ውቅያኖስ ግራና ቀኝ «እነዚያ ሰዎች የመጡበት አገር» የሚል ፍቺ አገኘ። ስም አውጪዎቹ ተገዢዎቹ መሆናቸው ልብ ይባልልኝ። ገዢው አገሩን ምን ብሎ እንደሚጠራ ሳይጠይቁ፣ በራሳቸው አፍ፣ በራሳቸው አቅጣጫ ሰየሙለት።

በሂንዱስታኒ ቋንቋ «ቪላያቲ»፣ በተራው ሕዝብ አነጋገር «ቢላያቲ» የሚባል ነገር ሁሉ ከዚያ አገር የመጣ ነው። ሄንሪ ዩልና አርተር በርኔል ያዘጋጁትና በ1886 የታተመው «ሆብሰን ጆብሰን» የተባለው የእንግሊዞችና የሕንዶች ቃላት መዝገብ (በርኔል የድካሙን ፍሬ ሳያይ በ1882 ሞቷል) ቲማቲም «የቢላያት ደበርጃን» ይባል እንደ ነበር፣ ሶዳ ውኃም «የቢላያት ውኃ» ይባል እንደ ነበር ይመዘግባል። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛም «የፈረንጅ ዶሮ»፣ «የፈረንጅ ላም»፣ «የፈረንጅ መድኃኒት» እንላለንና። «ፈረንጅ» ራሱ ዐረቦች ፍራንኮችን ከጠሩበት ቃል የመጣ ነው፤ ሕንዶችም «ፊራንጊ» ይላሉ። ከባሕር ማዶ የመጣልንን ዛፍ «ባሕር ዛፍ» ብለነዋል፤ በቆሎንም በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» ብለነዋል። የባዕድን ነገር በመጣበት አቅጣጫ መሰየም የሁሉም ሕዝብ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ለዓመታት የኖረ ፈረንጅ ግን አገሩ ገብቶ የተወለደበትን መንደር «ፈረንጅ አገር» ብሎ ሲጠራ አልተሰማም። እንግሊዛዊው ወታደር ያደረገው ይህንኑ ነው።

ለዚህም ምክንያት ነበረው። በሕንድ የሚያገለግለው ተራ ወታደር በአብዛኛው የድኻ ልጅ ነው፤ የሚውለው ከሻይ አፍይው፣ ከልብስ አጣቢውና ከገበያተኛው ጋር ነው። መኮንኑ ቋንቋውን በመምህርና በፈተና ሲማር ወታደሩ በጆሮው ለቀመው። ሻይን «ቻር»፣ ማየትን «ዴኮ»፣ የተጠናቀቀና እውነተኛ የሆነውን ነገር «ፓካ» ማለት ተማረ፤ ይህ የመጨረሻው በመጀመሪያ ፍቺው «የበሰለ» ማለት ነው። በዚህ መካከል «ቢላያቲ»ን ሲሰማ ኖረ። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ራሱም ሲነገር ሰማው። ዓመታት ሲቆጠሩ የራሱ አገር ለእርሱም «ያ ሩቅ አገር» ሆነ። በአፉ ውስጥ ቅጽሉ ስም ሆኖ፣ ድምፁም ተጨምቆ «ብላይቲ» ወጣ። ሰው ቤቱን በሚገዛው ሰው ዓይን ለአንድ አፍታ ማየቱ፣ ያውም ሳያስበው፣ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የእንግሊዝ ልብ ወለዶች በስንት መቶ ገጽ ያልደረሱበትን ይህ የጦር ሰፈር ቃል በአራት ፊደል ደርሶበታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያው ሰፈር የወጣ አንድ ሌላ ቃል አለ፤ ሐኪም ሆኜ ልዘለው አልቻልኩም። ከቦምቤይ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ዴኦላሊ የሚባል የጦር ሰፈር ነበር። የአገልግሎት ዘመናቸውን የጨረሱ ወታደሮች ወደ አገራቸው የሚወስዳቸውን መርከብ እዚያ ይጠብቁ ነበር፤ በሙቀቱ፣ በሥራ ፈትነቱና በመጠጡ መካከል አእምሮው የተነካውን ሰው «ዱላሊ ታፕ» ያዘው ይሉት ጀመር። «ታፕ» ትኩሳት ማለት ነው። ዛሬም እንግሊዞች ቀወስ ያደረገውን ሰው «ዱላሊ» ይሉታል፤ የቦታ ስም መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ብላይቲና ዱላሊን እንደ መንትያ አያቸዋለሁ፤ አንዱ የሚናፈቀው አገር፣ ሌላው ናፍቆቱ ያመጣው ሕመም ነው።

ጦርነቱ በ1914 ሲነሣ ይህን ቋንቋ ወደ ፈረንሳይና ወደ ቤልጂየም ይዞት የሄደው ያ የቀድሞው መደበኛ ሠራዊት ነው። ሠራዊቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ አብዛኛው አለቀ። ቃላቱን ግን የወረሱት ሕንድን በካርታ እንኳ በቅጡ የማያውቁ በጎ ፈቃደኞችና ከ1916 ጀምሮ በግዴታ የተመለመሉ የፋብሪካና የማሳ ልጆች ናቸው። ለእነርሱ ሕንድ የምሽጉ ጭቃ ሆነ። ከሕንድ እንግሊዝ ለመድረስ በመርከብ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ከፍላንደርስ ግን ጠባብ ባሕር ብቻ ነው የሚያቋርጡት። የመድፉ ድምፅ አንዳንድ ቀን በደቡብ እንግሊዝ ይሰማ ነበር። የቃሉ ስለት የበረታው በዚህ ይመስለኛል፤ አገሩ በጆሮ ርቀት ላይ ሆኖ ሳለ በሕይወት የሚደረስበት አይደለም።

የሚደረስበት አንድ መንገድ ነበር፤ መቁሰል። ብዙም ሳይቆይ «ብላይቲ» የአገሩ ስም ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቁስሉም ስም ሆነ። «ብላይቲ አገኘ» ማለት ወደ አገሩ የሚያስመልሰው ቁስል ደረሰበት ማለት ነው። ጓደኞቹ አዝነው አልነበረም የሚሉት፤ ቀንተው እንጂ።

ይህን የሰውነት ሒሳብ አንድ ሐኪም በግድየለሽነት ሊያልፈው አይችልም። የሚፈለገው ቁስል ፈረንሳይ ውስጥ ካለው የጦር ሆስፒታል ታክሞ ወደ ምሽግ ከመመለስ የከበደ፣ አካል ከማጉደል ግን የቀለለ መሆን ነበረበት። ጥይት በክንድ ሥጋ አልፎ ቢወጣ፣ ትንሽ አጥንት ቢሰበር፣ ያ ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የፍላንደርስ አፈር ለዘመናት ፍግ ሲጠጣ የኖረ የእርሻ አፈር ነው፤ ጥይቱ ወይም የመድፉ ፍንጣሪ የለበሰውን ጨርቅና ጭቃ ይዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ጋዝ ጋንግሪን የሚባለው፣ ሥጋውን ከውስጥ በአየር እያሳበጠ የሚያበሰብሰው ደዌ በአንድና በሁለት ቀን ሰው ይገድል ነበር። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 ነው፤ ለሕክምና የዋለውም ከዚያ ብዙ ዓመታት ዘግይቶ። የጭን አጥንቱ በጥይት የተሰበረ ወታደር በጦርነቱ መጀመሪያ ከአምስት አራት ያህሉ ይሞት እንደ ነበር ይገመት ነበር፤ የቶማስ ስፕሊንት የተባለው እግርን ጎትቶ የሚይዝ የብረት ድጋፍ በግንባር ከተስፋፋ በኋላ ነው ቁጥሩ የተገለበጠው። ስለዚህ በሰኞ «ብላይቲ አገኘ» ተብሎ የተቀናበት ሰው ረቡዕ ሊቀበር ይችል ነበር። ቃሉ ይህንም ያውቅ ነበር፤ ሳቁ የመራራ ሳቅ የሆነውም ለዚህ ነው።

በጦርነቱ ዓመታት ራሳቸውን ሆን ብለው አቁስለዋል ተብለው በብሪታንያ ሠራዊት የተፈረደባቸው ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ናቸው። የብላይቲ በር ጠባቂም ሐኪሙ ነበር። በቁስለኛው ኮት ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ የሚጻፉት ጥቂት ቃላት ሰውየውን ወይ ወደ መርከብ ወይ ወደ ምሽግ ይነዱታል። ሙያችን እንዲህ ባለ ስፍራ ሲቆም ከመርማሪ ፖሊስ የሚለየው ነገር ይሳሳል።

ሌሎችም ሕዝቦች ይህን ቁስል ስም አልነፈጉትም። ጀርመኖች «ሃይማትሹስ»፣ ወደ አገር የሚወስድ ጥይት፣ አሉት። ፈረንሳዮች በለዘበ አነጋገር «መልካሙ ቁስል» አሉት። አሜሪካኖች ኋላ «የሚሊዮን ዶላር ቁስል» ብለው እንደ ልማዳቸው ዋጋ ቆረጡለት። በእኛ ሠራዊት «ቦርድ ወጣ» ይባላል፤ ቃሉ የሐኪሞቹን ጉባኤ እንጂ ቁስሉንም ቤቱንም አይጠራም፤ እንደ መዝገብ ቤት ወረቀት የደረቀ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቁስልንና አገርን በአንድ ቃል ያዋሐደው፣ ያንንም ቃል ከባዕድ የተዋሰው እንግሊዛዊው ብቻ ነው። አገሩ ቁስሉ ነው፤ ቁስሉም አገሩ ነው፤ ስሙም የራሱ አይደለም።

ሥነ ጽሑፉ ይህን ክብደት ምን አደረገው? በ1916 አርተር ሚልስ፣ ፍሬድ ጎድፍሬይና ቤኔት ስኮት «ወደ ውዷ የድሮዋ ብላይቲ መልሱኝ» የሚል ስም ያለው ዘፈን አወጡ፤ ከመድረክ ወደ ምሽግ፣ ከምሽግ ወደ ሆስፒታል ተዛመተ። ዜማው ጥሩ ነው፤ ቁስለኞች ራሳቸው እንደዘመሩት አልክድም። ነገር ግን ዘፈኑ በዝምታ የሠራውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። ቁስሉን አውጥቶ በምትኩ ባቡር አስገባ። ሰውየው የሚመለሰው በቃሬዛ ሳይሆን በባቡር ነው፤ የሚከፍለውም ዋጋ የለም። የሙዚቃ አዳራሹ ተመልካች ልጁን በግንባር ያስቀመጠ ሲቪል ነበርና የሚፈልገው ይህንኑ ነበር። ዛሬ በኩባያ ላይ የምናየው ብላይቲ የተገራው አሁን አይደለም፤ መገራት የጀመረው በዚያው በጦርነቱ ዓመት ነው።

ተቃራኒውን ያደረገው ዊልፍሬድ ኦወን ነው። በነሐሴ 1917 ኤዲንብራ አጠገብ በክሬግሎክሃርት የጦር ሆስፒታል ሳለ በጻፈው «ዘ ዴድ ቢት» በሚለው ግጥሙ አንድ ወታደር ምንም ቁስል ሳይታይበት ይወድቃል። ከጓዶቹ አንዱ ምናልባት ብላይቲ እየታየው ይሆናል ይላል። ሰውየውን ያነሡት ቃሬዛ ተሸካሚዎች ያስመስላል ብለው ይጠቃቀሳሉ። በማግሥቱ ውስኪ የቀመሰው ሐኪም መሞቱን በሳቅ ያበሥራል። በግጥሙ ውስጥ ብላይቲ የተጠራው ምንም በሌለበት፣ ቁስል እንኳ በሌለበት ስፍራ ነው፤ ያለ ቁስል ብላይቲን ማየት ደግሞ በዚያ ሕግ ወንጀል ነው። ይህን ግጥም ለወጣት ሐኪሞች ማስነበብ ከብዙ የሥነ ምግባር ትምህርት ይሻላል ባይ ነኝ። የኦወን ወዳጅና አርአያ ሲግፍሪድ ሳሱን ደግሞ በ«ዘ ዋን ሌግድ ማን» ቃሉን ሳይጠራ ነገሩን ጽፎታል፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው ገጠር ቤቱ ቆሞ መቆረጡን ያመሰግናል። አንባቢው ከሰውየው ጋር ደስ ሊለው ይጀምርና ደስታው ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ሳሱን በ1916 በትኩሳት፣ በ1917 በትከሻ ቁስል ወደ እንግሊዝ የተመለሰ ሰው ነበርና የሚናገረውን ያውቃል።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ እንግሊዙ ወታደር ነው። የቃሉ ባለቤቶችስ?

በመስከረም 1914 የሕንድ ሠራዊት ክፍሎች ማርሴይ ወደብ ላይ ወረዱ። እነዚህ ሰዎች ከቆሰሉ «ቪላያት» የሚደርሱት በእውነት ነው። በብራይተን ከተማ የሚገኘው ሮያል ፓቪልዮን፣ ጆን ናሽ ለአንድ ልዑል መዝናኛ በሕንድ ቤተ መንግሥት አምሳል ጉልላት በጉልላት አድርጎ የሠራው ሕንፃ፣ ከታኅሣሥ 1914 ጀምሮ የሕንዳውያን ቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ። ለሙስሊሙ፣ ሥጋ ለማይበላው ሂንዱና ለሌላው የተለያየ ወጥ ቤት ተዘጋጀ፤ ማስታወቂያዎች በኡርዱ፣ በሂንዲና በጉርሙኪ ተጻፉ። ፎቶግራፎቹ ለፕሮፓጋንዳ በጅተዋል። አልጋ ላይ ሆኖ የሕንድ አስመሳይ ጣሪያ የሚያይ የፑንጃብ ገበሬ ምን እንዳሰበ መገመት ይከብዳል።

በእንግሊዙ ወታደርና በእርሱ መካከል ያለው ልዩነት ግን እዚህ ላይ ይገለጣል። ለእንግሊዙ ቁስል ማለት ወደ ቤት ነው። ለሕንዱ ቁስል ማለት ወደ ቪላያት ነው፤ ቤቱ ከዚያ ወዲያ ገና የውቅያኖስ መንገድ ይቀረዋል። ሲድንም ወደ ፈረንሳይ ግንባር ሊመለስ ይችላል፤ ይህ በደብዳቤዎቻቸው የተደጋገመ ምሬት ነው። አንዱ ሰው የሚመኘው ስም ለሌላው የመሸጋገሪያ ጣቢያ ነበር። በላይ በላዩም ተጠረጠሩ። የእጅ ቁስል ስለበዛባቸው ሆን ብለው ራሳቸውን ያቆስላሉ የሚል ወሬ ተነሣ። በዚያው ብራይተን የቀድሞ የድኾች ማደሪያ በነበረው በኪችነር የሕንዳውያን ሆስፒታል አዛዥ የነበረው ኮሎኔል ብሩስ ሴተን በ1915 አንድ ሺህ ቁስሎችን አንድ በአንድ መርምሮ ዘገባ አቀረበ፤ ወሬውን የሚደግፍ ማስረጃም አላገኘም። ከምሽግ የሚተኩስ ሰው ለጠላት የሚያጋልጠው ራሱንና እጁን መሆኑን ለማወቅ አንድ ሺህ ቁስል መቁጠር ያስፈልግ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሴተን ጥብቅ ሰው ነበር፤ ሆስፒታሉ በአጥር ታጥሮ በሽተኞቹ ወደ ከተማ እንዳይወጡ ይጠበቁ ነበር። ቢሆንም የቆጠረውን በሐቅ ጽፏል፤ ይህን ያህሉን ልንክደው አይገባም። በ1915 መጨረሻ የሕንድ እግረኛ ጦር ከፈረንሳይ ወጥቶ አብዛኛው ወደ ሜሶፖታሚያ ተላከ። ብላይቲ የሚለው ቃል ግን እዚያው ቀረ፤ የመጣበት አፍ ሲሄድ እንግሊዛዊ ዜግነት አገኘ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቃሉ አንድ ጊዜ ተነሣ፤ ከዚያ ከነባለቤቶቹ ማርጀት ጀመረ። ከሁሉ የሚሻለው መነቃቃቱ፣ በእኔ ግምት፣ ስለ አርበኝነት ምንም ባልሆኑ ሁለት ሥራዎች ውስጥ ነው። በ1962 የወጣው የብራያን ፎርብስ ፊልም «ዘ ኤል ሼፕድ ሩም» በለንደን አንድ የተጎሳቆለ የኪራይ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን ያሳያል፦ ሳታገባ ያረገዘች ፈረንሳዊት፣ ጥቁር ሙዚቀኛ፣ ፍቅሯን ስትደብቅ የኖረች ያረጀች የመድረክ ተዋናይት። ያቺን ተዋናይት ሆና ሲስሊ ኮርትኔጅ የ1916ቱን ዘፈን በዚያ ቤት ትዘፍናለች። አድማጮቿ አገር ቤታቸው ውስጥ ሆነው እንኳ አገር የሌላቸው ናቸው፤ ዘፈኑም ከአርባ ስድስት ዓመት በኋላ የጠፋውን ቁስል መልሶ ያገኛል። በ1986 ደግሞ ዘ ስሚዝስ የተባለው የማንቸስተር ቡድን «ንግሥቲቱ ሞታለች» የሚለውን አልበሙን የሚከፍተው ከዚሁ ፊልም በቀዳው ድምፅ ነው። አሮጊቷ ትዘፍናለች፤ ከበሮው መጥቶ ይውጣታል። የቡድኑ መሪዎች ሞሪሲና ጆኒ ማር የአየርላንድ ስደተኞች ልጆች ናቸው፤ ብላይቲን ከደጅ ቆመው የሚያዩ ማለት ነው፤ ፍቅሩና ምሬቱ እኩል የተመዘነው በዚህ ይመስለኛል። (ሞሪሲ በ2019 የአንድ ጸረ ስደተኛ ፓርቲ አርማ ደረቱ ላይ ለጥፎ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። ሥራው ከሠሪው የተሻለ ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም።)

ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ነው። በ2009 አንድ የቴሌቪዥን ድርጅት ከጣቢያዎቹ አንዱን «ብላይቲ» ብሎ ሰየመው፤ ስለ ብሪታንያ ኑሮና ታሪክ የሚያወሩ ፕሮግራሞችን ሲያሳይ ቆይቶ በ2013 ተዘጋ፤ ቦታውን «ድራማ» የተባለ ጣቢያ ያዘው። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ብላይቲን የሚያይ ሰው ከየት ሆኖ ነው የሚናፍቀው? ከአገሩ ሳይወጣ አገሩን በስደተኛ ስም የሚጠራ ሰው ከቦታ ሳይሆን ከጊዜ የተሰደደ መሆን አለበት። በ1939 ታትሞ ሳይሰቀል የቀረው፣ በ2000 በአልንዊክ ከተማ አንድ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ የተገኘው «ረጋ በሉ፣ ቀጥሉ» የሚለው የጦርነት ማስታወቂያም እንዲሁ ነው፤ ለቦምብ የተጻፈው ለኩባያ ዋለ። በ2016 እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ከሰጡ ወዲህ ብላይቲ በአንዳንዱ ብዕር የባዕድ እጅ ያልነካው የጥንት አገር ስም ሆኗል። ዐረብኛ ሥር ያለው፣ ፋርስ ያሻገረው፣ ሕንዳዊ ልብስ አጣቢ ያስተማረው ቃል! ፓካ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ጄሚ ኦሊቨር የተባለው ወጣት ምግብ አብሳይ ከ1999 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሲያነሣው ቢያንስ ስለ በሰለ ነገር እያወራ ነበር።

ቃሉ ዛሬም በሐቅ የሚነገርባቸው ቦታዎች አሉ። በስፔን ጠረፍ የሚኖር የእንግሊዝ ጡረተኛ «ብላይቲ» ሲል አልታዘበውም፤ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚጠራው፤ ያረጀው ጉልበቱ ሲያመውም ወደዚያ ሄዶ ይታከም ወይስ እዚሁ የሚለውን ሒሳብ ያሰላል። የእኛም «አገር ቤት» ከዚህ ወገን ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው «አገር ቤት» ሲል ዘመዶቹ ያሉበትን ገጠር ማለቱ ነው፤ ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ያለ ሰው ሲለው አዲስ አበባም ጭምር ተጠቅልላ ትገባበታለች። ከውስጥ ሆነው ኢትዮጵያን በጅምላ «አገር ቤት» ማለት አይቻልም፤ ቃሉ እምቢ ይላል። አማርኛ የጠበቀውን ይህን ሕግ የዛሬው እንግሊዝኛ በብላይቲ ላይ አፍርሶታል።

አንድ ጊዜ በሌሊት ተረኝነት ከላሆር የመጣ ባልደረባዬ እናቱን በስልክ ሲያናግር «ዊላያት» የሚል ቃል ሰማሁና ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እዚህ ማለቴ ነው» አለኝ፤ «ለእናቴ እዚህ ሁሉ ዊላያት ነው፣ ሆስፒታሉም፣ ብርዱም»። በቤንጋልም ከዚያ ተምሮ የሚመለሰው «ቢላት ፌሮት»፣ ከቢላት ተመላሽ፣ ይባላል፤ ቃሉ ክብርም ሹፈትም አለበት፤ ከውጭ ተምሮ ለመጣው ሰው በእኛም አገር ሁለቱም አልጎደሉበትም። ቃሉ በወላጆቹ ቤት አላረጀም ማለት ነው፤ ያረጀውም የተነሣውም እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ነው።

የጎደለውን ግማሽ ማንበብ ለሚሻ ሰው ዴቪድ ኦሚሲ ሰብስቦ በ1999 ያሳተመውን «የታላቁ ጦርነት የሕንድ ድምፆች» የተባለውን የደብዳቤ መጽሐፍ እመክራለሁ። ደብዳቤዎቹን የጻፉት፣ ብዙ ጊዜም ማንበብ ለሚችል ጓድ እየነገሩ ያስጻፉት፣ ከፈረንሳይ ምሽግና ከብራይተን አልጋ የነበሩ ወታደሮች ናቸው። በለንደን የተጠበቁትም የሠራዊቱ ሳንሱር ስለመረመራቸው ነው። ሳንሱሩ የሚፈልገውን ወደ እንግሊዝኛ እያስተረጎመ ይመዘግብ ነበር። በኡርዱና በጉርሙኪ የተጻፉት ዋነኞቹ ወረቀቶች ግን በአብዛኛው ጠፍተዋል፤ የቀረው ትርጉሙ ነው።